የጉማ ሥርዓትና ወገን የሌለው ሰው



በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ነፍስ ያጠፋ ሰው ከሟቹ ወገን ጋር የሚታረቅበት ሥርዓት ጉማ ይባላል። (ከአምስቱ የግቤ መንግሥታት አንዱም ይህንኑ ስም ይዞ ስለ ነበር፣ ሁለቱ እንዳይምታቱ ያስፈልጋል።) ሥርዓቱን የሚመሩት ጃርሳ ቢያ፣ ማለትም የአገር ሽማግሌዎች ናቸው። ገዳዩ ከሟች ዘመዶች ዓይን ይርቃል፤ ሽማግሌዎች ይላካሉ፤ የተፈጸመው ድርጊት በግልጽ ይታመናል፤ ካሳው ይቈረጣል። ካሳውን የሚከፍለው ገዳዩ ብቻ ሳይሆን ጎሳው ተዋጥቶ ስለ ሆነ፣ ጎሳው በሙሉ ለሰላሙ ዋስ ይሆናል። ፍርድ ቤት ወንጀለኛውን ይቀጣል፤ ቅጣቱ ብቻውን ግን በአንድ ምንጭ የሚቀዱትን ጎረቤታሞች አያስታርቅም። ጉማ እስከ ዛሬ የቈየው ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ጉማ ሁለት ወገን ይፈልጋል። ዘመዱ በሩቅ አገር የቀረ ሰው ቢሞት ካሳውን ማን ይጠይቅለታል? ማንስ ይቀበልለታል?

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙና በጌራ፣ ይህ ጥያቄ የንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም። ቡናው በሚቀላበት ወራት ከዳውሮ፣ ከከምባታና ከወላይታ ለቃሚ ይጎርፋል። ከፊሉ ወቅቱ ሲያበቃ ይመለሳል፤ ከፊሉ ጎጆ ቀልሶ ይቀራል፤ ልጆቹም አፋቸውን በኦሮምኛ ይፈታሉ። ሆኖም ጠብ በተነሣ ቀን «ከየት መጣህ?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም።

የታሪኩም ውርስ ቀላል አይደለም። የግቤ መንግሥታት በየድንበራቸው ሞጋ የሚባል ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ነበራቸው፤ ማለፊያውም በኬላ ይጠበቅ ነበር። ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1870ዎቹ ለምኒልክ ገብረው አገራቸውን ከጥፋት ማዳናቸው በትክክል ይመሰገናል። ነገር ግን በካፋ ላይ በ1889 ዓ.ም. በተደረገው ዘመቻ የጅማ ጦር አብሮ ተሰልፎ ነበር፤ በሂርማታ ገበያም ከደቡብ አጎራባች አገሮች የተማረኩ ሰዎች ይሸጡ ነበር። ባሪያ ሆኖ የተሸጠ ሰው ወገን የለውምና ደሙን የሚጠይቅለት አልነበረም። የዛሬው ቡና ለቃሚ ከእነዚሁ አቅጣጫዎች መምጣቱ ሊዘነጋ አይገባም።

በ1999 ዓ.ም. መባቻ በበሻሻና በአጋሮ አካባቢ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በአሰንዳቦ ዙሪያ የተነሡት ግጭቶች በሃይማኖት ስም የተካሄዱ ነበሩ። በመጀመሪያው የሰው ሕይወት በጭካኔ ጠፋ፤ በሁለተኛው በርካታ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችም ከቤታቸው ተሰደዱ። ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ለማስታረቅ ደክመዋል። ይሁንና ጉማ የተሠራው ለአንድ ገዳይና ለአንድ ሟች ነው፤ ሕዝብ ተሰብስቦ ያቃጠለውን ቤት የየትኛው ጎሳ መዋጮ ይተካዋል? ጥፋተኛው ሳይለይ፣ ካሳው ሳይቈረጥ በሬ ማረድ የዕርቁን መልክ እንጂ ዕርቁን አያመጣም።

ሩዋንዳ ከ1986ቱ ዓ.ም. እልቂት በኋላ ተመሳሳይ ችግር ገጥሟታል። ጋቻቻ በጥንት ጊዜ ለከብትና ለመሬት ጠብ የሚያገለግል የመንደር ሸንጎ ነበር። መንግሥት በሕግ አስፍቶት እስከ 2004 ዓ.ም. ድረስ ወደ 12 ሺህ በሚጠጉ ሸንጎዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጉዳዮችን አየበት። ብዙ ነቀፌታ ደርሶበታል፤ ነገር ግን ልማዱ የማይሸከመውን ጭነት ያለ ማሻሻያ እንዲሸከም አልተተወም።

በኢትዮጵያም የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያው ስምምነት ከቆመ በኋላ፣ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ለባህላዊ የዕርቅ ሥርዓቶች ቦታ ሰጥቷል። ቦታ መስጠቱ መልካም ነው። ነገር ግን ሥርዓቱ እንዳለ ከተወሰደ፣ በአገሩ ጎሳ ያለው ሰው ይካሳል፤ የሌለው ይቀራል።

በቡና ከተሞች ለዚህ የሚሆን መሣሪያ የለም ማለት አይቻልም። እድር የጎሳ ሐረግ ሳይቈጥር የሟቹን አስከሬን ያነሣል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጣል። ቀብሩን የፈጸመ ማኅበር በሽማግሌዎች ፊት የሟቹ ወገን ሆኖ እንዲቆም፣ ካሳውንም ተቀብሎ ለወራሾቹ እንዲያደርስ በደንብ ሥልጣን ቢሰጠው፣ ጉማ የሚፈልገው ሁለተኛው ወገን ይገኛል። ከሁሉ የሚከብደው የወቅት ለቃሚው ነው፤ ለሦስት ወር መጥቶ ስለሚሄድ ስሙ ከእድሩም መዝገብ አይገኝም።