ከእግራችን በታች ስላለው ምድር
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ)



በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥና በጥር፣ አልጋው በሌሊት ሲወዛወዝ ከፎቅ ወደ ሜዳ ያልወረደ ከመካከላችን ጥቂት ነው። እኔን ግን ከመንቀጥቀጡ ይልቅ ያስደነቀኝ በማግሥቱ የሰማሁት ወሬ ነው። አንዱ የእግዚአብሔር ቍጣ ነው ይላል፤ ሌላው ሰው የሠራው ተንኰል ነው ብሎ ይምላል። ስለ ቍጣው ለመናገር ሥልጣን የለኝም፤ ስለ ምድሩ ግን ጥቂት ልበል።

የምድር የላይኛው ክፍል አንድ ወጥ ድንጋይ አይደለም። ታላላቅ የዓለት ሰሌዳዎች ተገጣጥመው የሚገኙበት ሲሆን፣ ሰሌዳዎቹም በያመቱ በጥቂቱ ይንቀሳቀሳሉ። በሚጋጩበት እንደ ሂማላያ ያለ ተራራ ያቆማሉ፤ በሚለያዩበት ሸለቆ ይከፍታሉ። የእኛ ነገር ሁለተኛው ነው። በአፋር ምድር ሦስት ሰሌዳዎች፣ ይኸውም የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዐረብ፣ እርስ በርሳቸው ይራራቃሉ።

ተራራ ሁሉ በግጭት የተነሣ የሚመስለው ብዙ ነው። ስሜን ግን እንዲህ አይደለም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የመጣ ግለት አገሩን ወደ ላይ ገፋው፤ የቀለጠውም ዓለት እየፈሰሰና እየተነባበረ ደጋውን ሠራ። ድፎ ዳቦ ሲኮፈስ ቅርፊቱ እንደሚሰነጠቅ፣ ያበጠው ምድርም በኋላ ተሰነጠቀ። ስምጥ ሸለቆ የምንለው ይህን ነው። (የዳቦው ስንጥቅ ከምጣድ ሲወጣ ይቆማል፤ የእኛው ግን አልቆመም።)

በዋናው ስምጥ ሸለቆ ግራና ቀኙ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ጥፍራችን እንኳ ከዚህ ይበልጥ ያድጋል። ነገር ግን ምድር ዕዳዋን በየቀኑ አትከፍልም፤ አጠራቅማ ባንድ ጊዜ ትከፍላለች። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር፣ ዳባሁ በተባለው ተራራ አጠገብ፣ የቀለጠ ዓለት ከሥር ገብቶ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን ምድር ሰነጠቀ፤ ዓለቱንም እስከ 8 ሜትር አራራቀው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን መካከል የሆነውም ከዚሁ ወገን ነው፤ ቅልጡ ዓለት ወደ ላይ ሳይፈነዳ በጎን እየሰነጠቀ ሄደ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደረሰ።

በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈረሰ፤ በ1961 ዓ.ም. ሰርዶ ፈረሰች። ያን ጊዜ አዲስ አበባ በአብዛኛው ምድር ቤት ነበረች፤ ዛሬ በፎቅ ላይ ፎቅ ተደርቧል። አገራችን ስለ መሬት መንቀጥቀጥ የሚደነግግ የሕንፃ ሥራ ደንብ አላት። ስለዚህ በምሕንድስና ክፍል ያላችሁ ጓደኞቼ ከመመረቃችሁ በፊት የመኝታ ቤታችንን ፕላን አስፈቅዳችሁ በደንቡ መዝኑልን፤ ያገኛችሁትንም፣ መልካምም ቢሆን ክፉ፣ በዚሁ ጋዜጣ ጻፉልን።

ማኅበሩም እስከዚያው የትኛው ፎቅ በየትኛው ደረጃ እንደሚወርድ በየበሩ ይለጥፍልን። በዚያ ሌሊት እኔ ባየሁት ሰው የተጎዳው በመንቀጥቀጡ ሳይሆን በደረጃው ግፊያ ነው።