ብርቱ ኮረንቲ የሚያሳልፍ ማብሪያ ስለ ምን ይቃጠላል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ፥ የፎቶግራፍ አንሺዎች መብራት ብልጭ ሲል ሁላችንም አይተናል። ያ ብርሃን የሚገኘው ከትንሽ ባትሪ ነው። ባትሪው ብቻውን ያን ያህል መስጠት ስለማይችል፥ ካፓሲተር የሚባለው ዕቃ ጥቂት ሰኮንድ ኃይሉን እያጠራቀመ እስከ 300 ቮልት ገደማ ይሞላል፤ ከዚያም በሰኮንድ አንድ ሺኛ ያህል ጊዜ ሁሉንም ባንድነት ያፈሰዋል። ጋንን በጠብታ ሞልቶ ባንድ ጊዜ እንደ መገልበጥ ነው። ጋኑን የሚገለብጠው እጅ ማብሪያው ሲሆን፥ ዛሬ የምንናገረውም ስለዚሁ እጅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው እርሱ ነውና።

ነገሩን ያስተማረን ግን መጽሐፍ ሳይሆን ወፍጮ ቤት ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ባለ አንድ ወፍጮ ቤት፥ እናቶች ገብሳቸውን በአህያ ጭነው ቢመጡ ወፍጮው ቆሞ ጠበቃቸው። የወፍጮ ሞተር ሲነሣ፥ ገና መዞር ስላልጀመረ፥ ከዘወትር ኮረንቲው ከ5 እስከ 7 እጥፍ ይስባል። ይህን ሁሉ የሚያሳልፈው ኮንታክተር የሚባለው ማብሪያ ነው። በውስጡ ያሉት መነካኪያዎች ሲገናኙ እንደ ተጣለ ኳስ ይነጥራሉ፤ በነጠሩም ቁጥር በመካከላቸው የእሳት ቅስት ይፈጠራል፤ ቅስቱም ፊታቸውን አቅልጦ ወይ ያጣብቃቸዋል፥ ወይ ይበላቸዋል። መስመሩ ሲደክምማ ማግኔቱ አጥብቆ መያዝ ስለሚያቅተው፥ ኮንታክተሩ እየተንቀጠቀጠ ጉዳቱ ደጋግሞ ይመላለሳል።

ባለወፍጮው ጥቁረት ባየ ቁጥር በሞረድ ይፍቀው ነበር። ትጋቱን እናመሰግናለን፤ ዳሩ ግን የመነካኪያው ፊት ብር የተቀላቀለበት ነበር፤ የብር ጥቁረት ደግሞ ኮረንቲን አይከለክልም። ሞረዱ የበላው እሳቱ ከበላው ሳይበልጥ አልቀረም።

እንግዲህ ኮረንቲው ከዚህ እጅግ የበረታ ቢሆንስ? በክረምት የሰሜን ተራሮችን የሚያናውጠው መብረቅ 30,000 አምፔር ገደማ ነው። በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ ግዛት ያለው ዜድ የተባለ የምርምር መሣሪያ ግን ከሰኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ከ20 ሚሊዮን አምፔር በላይ ይለቃል። በእንዲህ ያለ ሥራ ብረትን ከብረት ማነካካት አይሞከርም። ሁለት ኤሌክትሮዶች ተራርቀው ይቆሙና፥ በመካከላቸው ያለው ጋዝ ራሱ በብልጭታ ኮረንቲ አሳላፊ ይሆናል።

ብልጭታው ሁልጊዜ አንድ ነጥብ ላይ ቢያርፍ ጉድጓድ ይቆፍራል። ስለዚህ ሠሪዎቹ የኤሌክትሮዱን ፊት ሰፊና ክብ ያደርጉታል፤ ወይም ኮረንቲው ራሱ በሚፈጥረው የማግኔት ኃይል ቅስቱ እየሮጠ እንዲዞር ቅርጹን ያበጃሉ። መዳብ በ1,085 ዲግሪ ሲቀልጥ፥ ተንግስተን እስከ 3,400 ዲግሪ ይታገሣል፤ ስለዚህ ሙቀትን ፈጥኖ የሚያስተላልፈውን መዳብ ከጽኑው ተንግስተን ጋር ያዋሕዳሉ። እኛን እጅግ የገረመን ግን ግራፋይት ነው፤ ይኸውም በምንጽፍበት እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር። በተራ የአየር ግፊት አይቀልጥም፤ ከጠጣርነት በቀጥታ ወደ ተን ይለወጣል። ስለዚህ አይጣበቅም፥ የቀለጠ ጠብታም አይረጭም። የሚነካካ አካል የሌለው ታይሪስተርም አለ፤ እርሱም ቢሆን ኮረንቲው እጅግ ፈጥኖ ከመጣበት፥ ገና በመከፈት ላይ ሳለ በአንዲት ጠባብ ስፍራ ያርራል።

የወፍጮው መድኃኒት ከዚህ ሁሉ የቀለለ ሆነ። ኮንታክተሩ ከፍ ባለ ተተካ፤ ሞተሩም በስታር ዴልታ እንዲነሣ ተደረገ። በዚህ አነሣሥ ከመስመሩ የሚሳበው ኮረንቲ ወደ ሲሶ ይወርዳል። የሞተሩም ጉልበት እንዲሁ ወደ ሲሶ ስለሚወርድ፥ ወፍጮው ባዶውን ከተነሣ በኋላ ነው እህል የሚጨመርበት። በመጀመሪያው ሳምንት ይህን የረሳ ሰው አልጠፋም።

አሮጌው መነካኪያ ከአዲሱ አጠገብ በቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ወላጆቻችን ስታልፉ ሞረድ የነካውን ጎን በጣታችሁ ዳስሱት።