ባቡሩ የቆመበትና የምንሻገርበት



ዛሬ የምናወራችሁ ስለ ባቡር ጣቢያና ስለ ሐዲድ መሻገሪያ ነው። በሐዲዱ ዳር የምትኖሩ ሰዎች ናችሁና ነገሩን ከእኛ በላይ ታውቁት ይሆናል። የሆነ ሆኖ ታሪኩን አብረን ብናየው አይከፋም።

በመጀመሪያ ከቃሉ እንነሣ። ባቡር የሚለው ቃል ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። መነሻው እንፋሎት ማለት ነው። ውሃ ሲፈላ ክዳን የሚያነሣው ጉልበት የለም? እሱ ነው። መርከቡም ባቡር ይባል ስለ ነበር በሐዲድ የሚሄደው ምድር ባቡር ተባለ። በአንዳንድ አገርማ የእህል ወፍጮውንም ባቡር ይሉታል።

ዳግማዊ ምኒልክ ሐዲድ እንዲዘረጋ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው። ፈቃዱን የተቀበለው ኢልግ የሚባል የስዊስ ሰው ነበር። ገንዘቡ ግን በብዛት የፈረንሳዮች ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐሳቡ መጀመሪያ ሐረር ለመድረስ ነበር። ሐረር የጥንት ከተማ ናት፤ ቡናውም ንግዱም እዚያ ነው። ታዲያ ባቡሩ ለምን ሐረር አልደረሰም?

ነገሩ እንዲህ ነው። በቅሎ ዳገት ትወጣለች፤ ባቡር ግን አይችልም። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ስለሚንሸራተት፣ መንገዱ ትንሽ ቀና ካለ ያቅተዋል። ሐረር ያለችው በተራራው ላይ ነው። ሐዲዱን ወደዚያ ለማውጣት ብዙ ገንዘብ ሊፈጅ ሆነ። ስለዚህ ባቡሩ ከተራራው ግርጌ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ እዚያ ደረሰ፤ ጣቢያም ተሠራ። በጣቢያው ዙሪያ የተቆረቆረውን ከተማ መጀመሪያ አዲስ ሐረር አሉት። ዛሬ ድሬዳዋ የምንለው ነው። የሐረር ቡና ከዚያ ወዲህ ተራራውን ወርዶ ባቡሩን ይጠብቅ ጀመር። አንድ ከተማ ባቡር ስለቆመበት ብቻ ሲያድግ፣ ሌላው ጥንት የነበረው ወደ ጎን ቀረ። እኛ ይህን ስናስብ ለሐረር ሰዎች እናዝናለን።

ከድሬዳዋ በኋላ ሥራው ለዓመታት ቆመ። ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያውም ከሰረ። ምኒልክም የፈረንሳይ መንግሥት እጁን ማስገባቱን አልወደዱትም። በኋላ ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራውን ቀጠለ። ሐዲዱ አዋሽን ተሻግሮ፣ በመተሐራ፣ በአዳማ፣ በሞጆና በቢሾፍቱ አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ጠቅላላ ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው መንገድ በሦስት ቀን ሆነ። ያን ጊዜ ባቡሩ በቀን ብቻ ይሄድና መንገደኛው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ ያድር ነበር።

በአዲስ አበባ የምናየው የጣቢያ ግንብ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ፈረንሳዮች ጣቢያን ላ ጋር ይሉታል። የከተማው ሰው ቃሉን በራሱ አፍ ለገሃር አደረገው። ለገሃር ዛሬ የሰፈር ስም ነው እንጂ ፈረንሳይኛ መሆኑን የሚያስታውስ ብዙ አይደለም።

ያ አሮጌ ባቡር በ2000ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ መሄዱን አቆመ። አዲሱ ሐዲድ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ለምን በአሮጌው ላይ አልሄደም ትሉ ይሆናል። በአሮጌው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነው። የአዲሱ ግን 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ነው። ስለዚህ የአንዱ ባቡር በሌላው ላይ አይሄድም። አዲሱ ጣቢያም ለቡ በተባለው ቦታ፣ ከከተማው ዳር ተሠራ። ለገሃር ግን ከባቡር ጨርሶ አልተለየም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር እዚያም ይቆማል።

አሁን ወደ መሻገሪያው እንምጣ። ይህ ነገር የሰውና የከብት ሕይወት ነው።

በአሮጌው ሐዲድ ሰው እንደልቡ ይሻገር ነበር። ባቡሩ አዝጋሚ ነው፣ ጩኸቱ ከሩቅ ይሰማል። እንዲያም ሆኖ አደጋ አልቀረም። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ አንድ ባቡር በጠመዝማዛ ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ሲታጠፍ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ።

አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። መንገደኛ የሚጭነው በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር ይበራል። ዕቃ የጫነ ከባድ ባቡር ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላም ለመቆም አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሊፈጅበት ይችላል። ነጂው ላማችሁን አይቶ ቢደነግጥ እንኳ ሊያቆመው አይችልም እኮ! ከላይ የተዘረጋው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ይሸከማል። እርጥብ እንጨት ወይም ረጅም ብረት ወደዚያ ማንሣት ሞት ነው። ሽቦውን ሳይነኩት እንኳ መቅረብ ብቻውን ይገድላል።

ስለዚህ ከብት የሚያልፈው በድልድዩ ስር ወይም በተሠራው መሻገሪያ ብቻ ነው። ነገር ግን አንድ እውነት አለ። መሻገሪያው ከውሃው ወይም ከግጦሹ ሩቅ ከሆነ እረኛው አጥሩን ቀዶ ይገባል። እሱን ብቻ መውቀስ ልክ አይመስለንም። የሚሻለው በቀበሌያችሁ ተሰብስባችሁ ማመልከቻ መጻፍ ነው። አሁን መጻፍ ትችላላችሁ አይደል? ቀኑን ከላይ አድርጉ። ከዚያ የቀበሌውንና የቅርቡን ጣቢያ ስም ጻፉ። ቅርብ የሆነው መሻገሪያ በእግር ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ፣ በቀን ስንት ከብት ውሃ እንደሚወርድ፣ እስካሁን የተገጨ ካለ መቼና የት እንደሆነ ግለጹ። ከታች ስማችሁን ጽፋችሁ ፈርሙ። በጣት አሻራ ሳይሆን በእጅ ጽሕፈት።