39 ሽልንግ



ሐኪም ስለ ስቅላት ምን አገባት ትሉኝ ይሆናል። ታገሱኝ፣ አጭር ናት።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1713 በወጣ ሕግ፣ ከመኖሪያ ቤት 40 ሽልንግ የሚያወጣ ዕቃ የሰረቀ ሰው በስቅላት ይቀጣ ነበር። የዕቃውን ዋጋ የሚወስኑት ጁሪ የሚባሉት 12 ሰዎች ናቸው፤ ንብረት ያላቸው ወንዶች። ለስቅላት የሚቀርበው ደግሞ ባብዛኛው ድሃው ነው። ታዲያ ምን ያደርጉ ነበር መሰላችሁ? ብዙ እጥፍ የሚያወጣውን ዕቃ «39 ሽልንግ ነው» ብለው ይፈርዳሉ። ነፍስ ተረፈ! በ1827 ሕጉ መጠኑን ወደ 5 ፓውንድ፣ ማለትም 100 ሽልንግ፣ ከፍ ሲያደርገው የጁሪዎቹም ግምት አብሮ 99 ገባ።

ደስ ይላል አይደል? እኔም መጀመሪያ ሳነበው ደስ ብሎኝ ነበር። ምሕረቱ ግን ለሁሉም እኩል አልደረሰም። «ጨዋ ነው» ብሎ የሚመሰክርለት አሠሪ ወይም ጎረቤት ያለው የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነበር፤ ከሩቅ የመጣው፣ የሚያውቀው የሌለው፣ ጠበበበት።

እኔም እኮ ድሃ ታካሚ በነፃ እንዲታከም ካርድ ላይ አጋንኜ ጽፌ አውቃለሁ። የጻፍኩት ግን አስታማሚው በሬ ላይ ቆሞ ላለቀሰለት ነው። አግዳሚው ላይ ብቻውን ዝም ብሎ ለተቀመጠው ጽፌ አላውቅም።