ግራርና አዲሱ ስሙ



መሐንዲስን የዛፍ ስም ምን አገባው የምትሉ እንደማትጠፉ ዐውቃለሁ። መልሱን ከሰቆጣ ዙሪያ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የተራቈተ ተዳፋት ላይ እርከን ከሠራን በኋላ የሚተከለውን የችግኝ ዝርዝር ያዘጋጀሁት እኔ ነበርሁ። በዝርዝሩ ላይ «አካሺያ» ብዬ ብቻ ጻፍሁ፤ ሐሳቤ ግን የአገሩ ግራር ነበር። የመጣልን ከአውስትራሊያ የገባው፣ ቅጠሉ ረዘም ያለ፣ እሾህ የሌለው አካሺያ ሳሊግና ሆነ። አንድ አዛውንት ገበሬ ችግኙን አገላብጠው ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ይህ ግራር አይደለም፤ እሾሁ የት አለ?» አሉኝ። «አባቴ፣ በሳይንስ አንድ ወገን ናቸው» ብዬ ተከራከርሁ። የተሳሳትሁት እኔ ነበርሁ።

አካሺያ የሚለው ስም ጥንታውያን ግሪኮች የግብፁን እሾሃም ዛፍ ይጠሩበት የነበረ ነው። እንግሊዛዊው ፊሊፕ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1754 የወገን መጠሪያ አደረገው። ከዚያ ወዲህ በአበባና በፍሬ መመሳሰል እየተጨመረበት ከ1,300 በላይ ዝርያዎች በዚሁ ስም ተጠሩ፤ ከእነዚህም 1,000 ያህሉ የአውስትራሊያ ናቸው።

በኋላ የዕፀዋት ተመራማሪዎች ከቅጠል ዲ.ኤን.ኤ. እያወጡ፣ በተለይም በክሎሮፕላስት ውስጥ ያለውን የዘር መልእክት ፊደል በፊደል አነጻጸሩ። አንድ የብራና መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ የሚገባበት ስሕተት የትኛው ቅጂ ከየትኛው እንደ ተቀዳ እንደሚያሳብቅ ሁሉ፣ በዲ.ኤን.ኤ. ላይ የሚታየው ለውጥም የዛፎችን ዝምድና ይገልጣል። በዚህ መንገድ አንድ ይባል የነበረው አካሺያ ከአንድ ግንድ እንዳልወጣ ታወቀ። የአውስትራሊያው ወገን ከእኛ ባዝራ ግራር ይልቅ ሰሳ ወደሚመደብበት ወገን የሚቀርብ ሆኖ ተገኘ።

የእኛዎቹም ለሁለት ተከፈሉ። በአብዛኛው ቀጥ ያለ ጥንድ እሾህ ያላቸው ቫኬሊያ፣ እንደ መንጠቆ የተቆለመመ እሾህ ያላቸው ሴኔጋሊያ ተባሉ። ለዚህ ልዩነት ሙጫውም ምስክር ነው፤ ሁለቱም ዛፎች «ዐረብ ሙጫ» ተብሎ የሚሸጠውን ይሰጣሉ፣ ነገር ግን በውሃ የሟሟ የሴኔጋል ግራር ሙጫ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ወደ ግራ ሲያዞር የሰያል ግራር ሙጫ ወደ ቀኝ ያዞረዋል።

ታዲያ የቀድሞው ስም ለማን ይሁን? በደንቡ መሠረት ስሙ የሚገባው ለአባይ ዳሩ ግራር ነበር። ሆኖም የሚለወጠው ስም ቁጥር እንዲያንስ ለብዙኀኑ፣ ለአውስትራሊያው ወገን፣ ይሰጥ የሚል ሐሳብ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2005 በቪየና በተደረገው የዕፀዋት ሊቃውንት ጉባኤ ተቃዋሚዎቹ ከግማሽ በላይ ነበሩ፤ ለመሻር የሚያስፈልገው 60 በመቶ ግን አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2011 በሜልቦርን ውሳኔው ጸና። ስለዚህ የአዊ ገበሬ ለከሰል የሚያለማው የአውስትራሊያው ዲከረንስ አካሺያ እንደ ተባለ ሲቀር፣ የአገሩ ግራር ስሙን ለእንግዳ ለቀቀ።

ዲ.ኤን.ኤ. የማን ዘመድ ማን እንደ ሆነ ነገረን፤ ስሙ ለማን ይገባል የሚለውን የወሰነው ግን የሰው ድምፅ ነው። ሁለቱን ለይተን ማየት ይገባናል።

ለሥራችን የሚተርፈው ይህ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. የታተመው የኢትዮጵያ ዕፀዋት መጽሐፍ ሦስተኛ ቅጽ የእኛን ግራሮች የሚጠራቸው በቀድሞው ስም ነው፤ ከዚያ በፊት የተዘጋጁት ጥናቶችም እንዲሁ። አዳዲሶቹ ጽሑፎች ግን በአዲሱ ስም ይጠሯቸዋል። ስለዚህ በማንኛውም የችግኝ ዝርዝርና ውል ላይ የአገሩን ስም፣ የቀድሞውንና አዲሱን የሳይንስ ስም ከነዝርያው አብረን እንጻፍ፤ ችግኙ ሲመጣም እሾሁን ሳናይ አንረከብ። እርከን ቢበላሽ በዓመቱ ይጠገናል፤ ያለ ቦታው የተተከለ ዛፍ ግን ስሕተቱ የሚታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

እኚያን አዛውንት ተመልሼ ይቅርታ ጠይቄአቸዋለሁ። እርሳቸውም ስቀው «እኛማ ግራር ነው የምንለው» አሉኝ።