ተሳቢ የሚጎትት አሮጌ ፒክአፕ ሞተሩ ሲስት የብልሽቱን ምንጭ ስለ መለየት
(ለዕርዳታ ሥራ አስተባባሪዎችና ለመስክ ሠራተኞች የተሰጠ ገለጻ)



በቅድሚያ አንድ ነገር ላስታውቅ እወዳለሁ። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ሥራዬ ዜናና ዘገባ ማዘጋጀት ሲሆን፣ ስለ ሞተር የማውቀውን ያህል የተማርኩት ከአሽከርካሪዎች ጎን ተቀምጬ በመጓዝና መንገድ ላይ በቆምን ቁጥር ካቻቢቴና ፒንሳ በማቀበል ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ በዚህ ጉዳይ እንድናገር ያስገደደኝ ምክንያት አለ፤ እርሱንም እደርስበታለሁ።

የምንነጋገርበት ተሽከርካሪ በየወረዳው ውሃ፣ እህልና ምርጥ ዘር ሲያመላልስ የኖረው ባለ ቤንዚን ፒክአፕ ነው። ለምሳሌ ያህል ቶዮታ ላንድክሩዘር ኤፍጄ45ን እወስዳለሁ። ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህ መኪና «ቱ ኤፍ» የተባለውን ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ሞተር ይዞ ወጥቷል። በናፍታ የሚሠሩት መኪናዎች ካንዴላ ስለሌላቸው የዛሬው ገለጻ እነርሱን አይመለከትም።

ከዚህ መኪና ኋላ 1,500 ሊትር የሚይዝ የውሃ ተሳቢ ሲታሰር፣ የብረቱን ትተን የውሃው ክብደት ብቻ 15 ኩንታል ይሆናል። በአስቸኳይ ጊዜ ዕርዳታ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ እንዲታሰብ የታወቀ መመዘኛ አለ። በዚህ ስሌት አንድ ምልልስ የ100 ሰው የአንድ ቀን ውሃ ነው። መኪናው ዳገት ላይ ቆሞ ሲቀር የሚቀረው ይህ ውሃ መሆኑን በቅድሚያ ልብ እንድንል እፈልጋለሁ።

መካኒኮች «ሚስ ያደርጋል» የሚሉት ምንድን ነው? ከስድስቱ ሲሊንደሮች በአንዱ ወይም በብዙዎቹ ውስጥ ቤንዚንና አየሩ በጊዜው ሳይቀጣጠል ሲቀር ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ስድስቱ ካንዴላዎች በድምሩ 9,000 ጊዜ እሳት መስጠት ይኖርባቸዋል። አንዱ ሲሊንደር ሥራ ሲያቆም የጉልበቱ አንድ ስድስተኛ ይጠፋል፤ የቀሩት አምስቱም ያንን የሞተውን ጭምር ይገፋሉ። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፤ ወደ ታች ወርዶም የሞተሩን ዘይት ያቀጥናል። ስለዚህ «ትንሽ ያስላል፣ ግን ይሄዳል» እየተባለ ለወር የሚነዳ ሞተር ዋጋውን ኋላ ያስከፍላል።

አሁን ወደ ምክንያቴ ልመለስ። በ2008 ዓ.ም. ከኤልኒኞ ጋር ተያይዞ በደረሰው ድርቅ ወቅት፣ በደቡብ ወሎ ከሸለቆ ጉድጓድ ውሃ ቀድቶ በተራራ ላይ ላለች ቀበሌ የሚያቀርብ አንድ እንዲህ ያለ ፒክአፕ ነበር። ሞተሩ ዳገቱ ላይ እየሳተ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ወደ ጋራዥ ገባ። በጋራዡ ግቢ አስነስተው ሲያዳምጡት ሰዓት ይመስላል፤ ጉድለት የለበትም ተብሎ ተመለሰ። በሦስተኛው ጊዜ ካርቡሬተሩ በአዲስ ተለወጠ። በማግሥቱ እዚያው ዳገት ላይ ቆመ። ሴቶች ጀሪካናቸውን በሰልፍ ደርድረው ከጧት እስከ ማታ ጠበቁ፤ ውሃው የደረሰው በሁለተኛው ቀን ነው። እኔም ዘገባ እንዳዘጋጅ ታዝዤ ስለነበር፣ መኪናው ሦስት ጊዜ ተመርምሮ ጤነኛ መባሉን ተመልክቼ፣ መዘግየቱ «በአሽከርካሪው ቸልተኝነት» የመጣ ነው ብዬ ጻፍኩ። በዚያ ጽሑፍ መነሻነት አሽከርካሪው የ15 ቀን ደመወዝ ተቆረጠባቸው። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ሰው ነበሩ።

ከሳምንት በኋላ ከእርሳቸው ጋር ተጓዝኩ። ስለ ጻፍኩት ምንም አላነሱም። «ጋሼ፣ ግቢ ውስጥ እኮ ደህና ነው» አልኳቸው። «ልጄ፣ ቆሞማ ማን ያስላል? ሸክም ሲወድቅበት ነው የሚያስለው» አሉኝ።

ነገሩ ሁሉ በዚህ አነጋገር ውስጥ ነበር። ቤንዚን በሙሉ ሲሰጥና ተሳቢው ወደ ኋላ ሲጎትት ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየርና ነዳጅ ይበዛል፤ ሲታመቅም ግፊቱ ይጨምራል። በታመቀ ጋዝ ውስጥ የካንዴላው እሳት ክፍተቱን ለመዝለል ከፍ ያለ የኤሌክትሪክ ኃይል ይጠይቃል። ገመዱ የተሰነጠቀ፣ የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን የተተረተረ ወይም ቦቢናው የደከመ እንደሆነ፣ እሳቱ ከባዱን መንገድ ትቶ በቀላሉ ወደ ሞተሩ አካል ያመልጣል። መኪናው ባዶውን ቆሞ ሲሠራ ግን ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ያው የተጎዳ ገመድ ሥራውን ያከናውናል። ስለዚህ ተሳቢ የሚጎትት መኪና ግቢ ውስጥ ቆሞ የሚደረግለት ምርመራ የዚህን ዓይነት ብልሽት አያሳይም።

በዚያ ሌሊት መብራት አጥፍተን፣ ኮፈኑን ከፍተን፣ ሞተሩን እያስነሳን ተመለከትን። በገመዶቹ ላይ በእጃችን ጥቂት ውሃ ስንረጭ ከ4ኛው ሲሊንደር ገመድ ወደ ማሰሪያው ብረት ሰማያዊ ብልጭታ ሲዘል ታየ። ገመዱ ብረቱን ሲነካ ኖሮ ተበልቶ ነበር። አሽከርካሪው ከዚህ አልፈው ማረጋገጥ ፈለጉ፤ ያንን ገመድ ከ3ኛው ጋር ቦታ አለዋወጡትና ጧት ተሳቢውን አስረን ዳገቱን ወጣን። ሞተሩ አሁንም ሳተ፤ የሳተው ግን 3ኛው ነበር። ይህ አንድም ሳንቲም ያላስወጣ ምርመራ ነው። ዘገባዬን በጽሑፍ አረምኩ። የተቆረጠው ደመወዝ ለመመለስ አራት ወር ፈጀ።

እንግዲህ መኪና «ሚስ አደረገ» የሚል ሪፖርት ሲደርሳችሁ ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት አሽከርካሪውን ጠይቁ። ሲሞቅ ነው ወይስ ገና ሲነሳ? ዳገት ላይ ነው ወይስ ቆሞ? ዝናብ ከጣለ ወይም ጤዛ ካደረ በኋላ ነው? ከጀሪካን ቤንዚን ከተሞላ ወዲህ ነው? የሚስተው እንደ ከበሮ ምት እኩል እየቆጠረ ከሆነ ችግሩ በአንድ ሲሊንደር ላይ ነው። ያለ ሥርዓት አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ የሚል ከሆነ ግን ሁሉም በሚጋሩት ነገር፣ ማለት በቦቢና፣ በፑንቲና፣ በኮንደንሰር ወይም በነዳጅ ላይ ይፈለግ።

የሞተውን ሲሊንደር ለመለየት ሞተሩ በዝግታ እየሠራ የካንዴላ ገመዶችን ሽፋን ባለው ፒንሳ አንድ በአንድ መንቀል ነው። በሚነቀልበት ጊዜ የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ የሞተው ያ ነው። የተነቀለውን ጫፍ ከሞተሩ ብረት ጋር ማገናኘት ይገባል፤ አለዚያ እሳቱ መውጫ ሲያጣ ቦቢናውን ይጎዳል። የፈሰሰ ቤንዚን ባለበት ግን ይህን ፈጽሞ አታድርጉ። በዚህ ሞተር 1ኛው ሲሊንደር በራዲያተሩ በኩል ያለው ሲሆን የእሳቱ ተራ 1፣ 5፣ 3፣ 6፣ 2፣ 4 ነው። ገመዶች በተሳሳተ ተራ ተመልሰው «አዲስ ብልሽት» ሲፈለግ የዋለበትን ቀን አይቻለሁ።

ካንዴላው ራሱ ይናገራል። ቤንዚን የነካው እርጥብ ከሆነ እሳት አላገኘም፤ ዘይት የለበሰ ከሆነ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ነው፤ ነጭ ሆኖ ጫፉ የተበላ ከሆነ ከመጠን በላይ ሞቋል ወይም ነዳጅ አንሶታል። ደረቅና ጥቁር ጥላሸት ነዳጅ መብዛቱን ያሳያል። በዚህ በመጨረሻው ላይ የአገራችን መልክዓ ምድር ድርሻ አለው። እንደ ደሴ ባለ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል አንጻር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚያ ሲደርስ ነዳጅ ያበዛል። ከባቲ ወደ ሚሌ ሲወረድ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፤ በሙቀቱ ቤንዚኑ በቧንቧው ውስጥ እየተነነ ሞተሩን ያስርበዋል። እዚያ የቆመ መኪና ዕረፍትና በነዳጅ ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ እንጂ አዲስ ካንዴላ አያስፈልገውም።

ቆሞ በዝግታ ሲሠራ የሚስትና ፍጥነት ሲጨምር የሚተወው ሞተር ደግሞ ሌላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በካርቡሬተሩ ሥር ወይም በማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን በኩል ያልተፈለገ አየር እየገባ ነው። በረጅም ዳገት ላይ ቀስ በቀስ ጉልበት የሚያጣ ከሆነ የነዳጅ ማጣሪያውን እዩ፤ የጀሪካን ቤንዚን አቧራና ውሃ ይዞ ይመጣል።

እሳቱም ነዳጁም ደህና ሆኖ አንድ ሲሊንደር እምቢ ካለ የእመቃ ግፊቱ ይለካ። በመጽሐፉ የተጻፈው ቁጥር ለባሕር ጠለል የቀረበ ስለሆነ በደጋ ከዚያ ማነሱ አያስደንግጣችሁ፤ ስድስቱን እርስ በርስ አወዳድሩ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። አንዱ ብቻ ከወረደ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት አፍስሶ እንደገና መለካት ነው፤ ግፊቱ ከጨመረ የፒስተን ቀለበት አልቋል፤ ካልጨመረ ቫልቩ አይዘጋም። ብዙ የሚጎትት ሞተር የጭስ ማውጫ ቫልቩ በሙቀት ይጎዳል። እርሳስ ያለው ቤንዚን ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ድረስ ከቀረ ወዲህ፣ መቀመጫቸው ያልጠነከረ የድሮ ሞተሮች ቫልቭ ቶሎ እየሰመጠ ክፍተቱ ይጠባል። በዚህ ሞተር ክፍተቱ የሚለካው ሲሞቅ ነው፤ ለመግቢያው 0.20፣ ለመውጫው 0.35 ሚሊሜትር።

ከዚህ አዳራሽ ውጭ አንድ ፒክአፕ ውሃ ከሞላ ተሳቢ ጋር ቆሟል። አሽከርካሪው ከግማሽ ሰዓት በፊት አስነስተውታልና ሞተሩ ሞቆ ይጠብቀናል። ከሻይ በፊት የክፍተቱን ልክ እናያለን፤ ከሻይ በኋላ በሁለት በሁለት እየገባችሁ ከአሽከርካሪው ጋር ዳገቱን ትወጣላችሁ፤ የሰማችሁትንም ሲሊንደር በየማስታወሻችሁ ትጽፋላችሁ።