የሚዘገይ ስሌትና የሚዘጋ ፋይል


ሀስኬል የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1987 በፖርትላንድ ከተደረገው ጉባኤ ተነሥቶ በ1990 የመጀመሪያው መግለጫ ወጣለት። ዋና ጠባዩ ማንኛውንም ስሌት ውጤቱ እስኪፈለግ ማቆየት ነው። በዚህም መጨረሻ የሌለውን ዝርዝር እንኳ ያለ ችግር ለመጻፍ ይቻላል፤ ፋይል ግን የእኛን ፍላጎት አይጠብቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ ፋይል ይከፍታል፣ ጽሑፉን «አነበብሁ» ይላል፣ ፋይሉን ይዘጋል፣ ከዚያም ጽሑፉን ለማተም ይነሣል። በእውነቱ ግን የተሰጠው ጽሑፉ ሳይሆን የማንበብ ተስፋ ብቻ ነበር። የፋሲልን መዋኛ አስቡ፤ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውኃ ይሞላል፣ ኋላም ይለቀቃል። «በኋላ እቀዳለሁ» ብሎ ባዶ እንስራ ይዞ የተመለሰ ሰው ምን ያገኛል? ዋናው የሀስኬል ኮምፓይለር ቀድሞ በዚህ ጊዜ አንዳች ሳይናገር ባዶ ጽሑፍ ይመልስ ነበር፤ ይህም ከግልጽ ስሕተት የከፋ ነው። የኋለኞቹ እትሞች ስሕተቱን ያሳውቃሉ።

ሳይዘጉ መተውም አያዋጣም፤ በሊኑክስ አንድ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ሊከፍታቸው የሚፈቀድለት ፋይሎች ወሰን ብዙ ጊዜ 1024 ነው።

በእኔ አስተያየት ትንሹን ፋይል ወዲያው አንብቦ መጨረስ ይሻላል፤ የትልቁን ግን ንባብም፣ ስሌትም፣ ኅትመትም በመክፈቻውና በመዝጊያው መካከል ማኖር ይገባል። «ብራኬት» የሚባለው ተግባር በመካከል ስሕተት ቢነሣም ሳይዘጋ አይወጣም። ሆኖም ያልተፈጸመው ስሌት ሾልኮ እንዳይወጣ አያግድም፤ ይህን መጠበቅ የጸሐፊው ፋንታ ነው። ጽሑፉን በቁራጭ በቁራጭ እያስተላለፉ መዝጊያውን ራሳቸው የሚከታተሉ፣ «ኮንዱዊት»ን የመሳሰሉ የፕሮግራም ስብስቦች የተሠሩትም በዚሁ ምክንያት ነው።